ሕያው ዜሮ

የድንች ፋብሪካ ነው፣ ፖርቴጅ ላ ፕሬሪ፤
በሌሊት ፈረቃ ገባሁኝ ጀማሪ።
ኦሬስት የሚሉት፣ ስልሳ ሦስት ዓመቱ፣
ካቻቪቴ በጆሮው፣ ቁጥብ አንደበቱ፣
የግራጫውን ሣጥን ከፈተና በሩን
ያስጠናኝ ጀመረ የሽቦ ምስጢሩን።

«ይሄኛው ግብዓት ነው፤ ጆሮ ነው፣ ይሰማል።
ያኛው ውፅዓት ነው፤ እጅ ነው፣ ይሠራል።
ከሜዳ የመጣ ሽቦ ግን በሙሉ
ደጅ ይጠናል እንጂ አይደርስም ካንጎሉ።»

በመካከላቸው ቅንጣት መብራት አለች፤
ብልጭ ድርግም እያለች ወሬ ታደርሳለች።
ከወዲያ መብረቅ ቢወርድ፣ ቮልቴጅ ቢቆጣ፣
እሷ ትቃጠላለች፤ ወዲህ ግን አይመጣ።
(ሽማግሌ አልኳት፣ በልቤ፣ በአማርኛ፤
በሁለት ኩርፈኞች መሐል የምትተኛ፣
ቃሉን እንጂ ቁጣውን የማታደርስ መልእክተኛ።)

ስምንቱ ግብዓቶች የሚመለሱባት
አንዲት ሽቦ አለች፤ የጋራ ነው ስሟ፤
የዕድር ገንዘብ ያዥ በሏት።
እሷ ከላላች ስምንቱም ባንድ ያብዳሉ።
«ዐሥራ አራተኛው ብሎን» አለኝ፣ «በየወሩ አጥብቂው፤
ብርድ ያላላዋል።»

ስዊች ሲነካ ነጥሮ ነው የሚያርፈው፤
«አለሁ» ይላል፣ ይክዳል፣ ደግሞ «አለሁ» ይላል።
ግብዓቱ ዐሥር ሚሊሰከንድ ዝም ብሎ ያየዋል፤
ከዚያ በኋላ ነው የሚያምነው።
የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ብዬ ተረጎምኩለት፤
ድንች የፈሰሰ መስሎት
መጥረጊያ ሊያመጣ ሄደ።

ሲመለስ አሳየኝ የሚያፈስ ውፅዓት፦
ጠፍቷል የተባለ፣ አምፖሉ ግን ገርጥቶ
እንደ ዳፈኑት ፍም የሚበራ ሌሊት።
«እነዚህ ሙሉ በሙሉ አይዘጉም» አለ፤
«ትንሽ ትንሽ ይፈስሳል ሁልጊዜ።»
ስለ ሞተች ሚስቱ ያወራኝ ግን ሌላ ጊዜ ነው።

ከሁሉ አብልጦ የቀረኝ አራት ሚሊአምፔር ነው።

የታንኩን ልክ የሚያመጣው ሽቦ ከአራት ይነሣል፤
ሃያ ሲደርስ ሞልቷል።
«ባዶ ታንክ አራት ይላል፤
ባዶ ነኝ፣ ግን አለሁ ማለቱ ነው።
ዜሮ ካየሽ ግን ስለ ታንኩ አትጨነቂ፣
ስለ ሽቦው ተጨነቂ።
ዜሮ ባዶ አይደለም፤ የሚናገር የለም ማለት ነው።»

ጥር ላይ፣ ብርዱ ሠላሳ ስምንት በገባበት ሌሊት
ሮዌና ከስክሪኑ ጮኸች፦ «ዘይቱ አለቀ! ፓምፑን አስነሺ!»
ዜሮ ይላል። አራት አይደለም፤ ዜሮ።
እጄን ከቁልፉ አንሥቼ፣ ቴስተር ይዤ፣ መሰላል ወጣሁ።
ታንኩ እስከ አንገቱ ሞልቷል፤
ሽቦውን አይጥ በልታዋለች።
ኦሬስት ራሱን ነቀነቀ። ሙገሳው ያ ነበር።

በጡረታ ሲወጣ ስልኩ ላይ አራት ነጥብ ላክሁለት።
እኛ ዘንድ የዐረፍተ ነገር መዝጊያ ናት አልኩት።
ሳቀ፦ «አራት? እዚህ ሣጥን ውስጥ መነሻ ናት።»
ከዚያ ወዲህ ፈረቃዬ ሲያልቅ፣ በየማለዳው፣
ያችኑ ቀድቶ ይልካል፦

።

ሌላ ቃል የለም። እኔም አልጠይቅም።

አንድ ረቡዕ አልመጣችም።
«ተኝቶ ይሆናል» አለች ሮዌና፤ «ሽማግሌ ነው፣ ይረፍ።»
ዐሥር ሚሊሰከንድ ጠበቅሁ።
ዐሥር ደቂቃ።
ከዚያ መኪናዬን አስነሣሁ፣ የዘይቱን ሽታ እንደ ለበስኩ።

የምድር ቤቱ ደረጃ ሥር ነበር፣ ጭኑ ተሰብሮ፣
ለክረምት ባስቀመጠው የቀይ ሥር ጠርሙስ ስብርባሪ መሐል።
ቀዩ ደም አልነበረም። ሁሉም አልነበረም።
«ኦሬስት!»
ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፦
«አራት ነኝ።»

አምቡላንስ ውስጥ የኦክስጅኑን ጭምብል ገፋ አድርጎ
«ዐሥራ አራተኛውን ብሎን አጠበቅሽው?» አለኝ።
አዎ አልኩት።
አላጠበቅኩትም ነበር